በእርድና በዓይን ፎቶ አልዛይመርን ቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ከኔ ጋር ናት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የሰው ስም ይጠፋባታል፣ አንዱን ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጥዳ የረሳችው ወጥ አረረ። እህቶቼ ‹ዕድሜ ነው› ይሉኛል። ሰፈራችን ያለ አንድ የዓይን ክሊኒክ የሬቲና ፎቶ አንስቶ አልዛይመርን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ቀድሞ እንደሚለይ ያስተዋውቃል፤ ኢንሹራንስ አይከፍልም። ሌላ ቦታ ደግሞ ሰው የእርድ መድኃኒት ወስዶ ዓይኑን ፎቶ ሲነሳ በሽታው አብርቶ እንደሚታይ አነበብኩ። ልውሰዳት? እርድስ ላብዛላት?»

እህቴ፣ አጭሩን ላስቀድም። ለዚያ ፎቶ ብለሽ ገንዘብ አታውጪ። እናትሽን ግን ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው፤ ምክንያቱ ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ። እርዱ እንደ ድሮው አልጫው ውስጥ ይግባ፤ በክኒን አይሁን። ከሁሉ በፊት ደግሞ ለማስታወስ ችግራቸው ቀጠሮ ያዢ፤ ያረረው ወጥ «ዕድሜ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አሁን ረጅሙን ልንገርሽ፤ ያነበብሽው ነገር መሠረት አለውና። ማስታወቂያው ግን መሠረቱ ላይ ቆሞ ጣሪያውን አልብሶታል፤ ግድግዳው ገና አልተሠራም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሬቲና ከዓይን ጀርባ የተነጠፈች ስስ ሽፋን ናት፤ ውፍረቷ የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ አይሞላም። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ገና ሲሠራ፣ አንጎል ከሚሆነው ክፍል ግራና ቀኝ ሁለት ቡቃያዎች ወጥተው ወደ ፊት ያድጋሉ። ሬቲና የምትሆነው እነዚያ ናቸው። ስለዚህ ሬቲና ከአንጎል የተቆረጠች ቁራጭ ናት ማለት ይቻላል፤ የነርቭ ሴሎቿም፣ የደም ሥሮቿም ከአንጎል ጋር አንድ ዘር ናቸው። አንጎል በራስ ቅል ተከድኗል፤ ሬቲና ግን ከፊቷ መስተዋት አላት። ሰው አገጩን ካሜራው ላይ አሳርፎ ሲቀመጥልኝ፣ ሳልቆርጥ ሳልወጋ፣ የሕያው ሰው ነርቭና ደም ሥር ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ይህን ሥራ ስንት ዓመት ሠርቼ አሁንም ይገርመኛል።

አልዛይመር ላይ ደግሞ ቀድሞ የማየት ጉጉት የመጣው በሽታው አዝጋሚ ስለሆነ ነው። አሚሎይድ ቤታ የሚባለው ፕሮቲን አንጎል ውስጥ መዝቀጥ የሚጀምረው ሰውየው መርሳት ከመጀመሩ 15 እና 20 ዓመት አስቀድሞ ነው። ታው የሚባለው ሌላው ፕሮቲን ደግሞ ሴሎቹ ውስጥ እንደ ክር ይወሳሰባል። አሎይስ አልዛይመር በ1906 ቱቢንገን ላይ ስለ ታካሚው ስለ አውጉስተ ዴተር ለሐኪሞች ሲናገር የገለጻቸው እነዚህን ሁለቱን ነው። ያያቸው ግን ሴትዮዋ ከሞተች በኋላ፣ አንጎሏ ተቆራርጦ በብር ቀለም ተነክሮ ነው። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል እርግጠኛው ምርመራ የሬሳ ምርመራ ብቻ ነበር።

ይህን የሰበሩት ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዊሊያም ክላንክና ቼስተር ማቲስ ናቸው። ታዮፍላቪን ቲ የሚባል፣ ላብራቶሪ ውስጥ አሚሎይድ ለማቅለም የሚያገለግል ቀለም አለ። እሱን ለዋውጠው ወደ አንጎል ዘልቆ የሚገባ አደረጉትና ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ለጠፉበት። በ2002 ስዊድን፣ ኡፕሳላ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለታካሚ ተሰጠ፤ በ2004 ታተመ። ጠቋሚ ሞለኪውል ወይም ፕሮብ የምንለው ይህን ነው፦ ገብቶ፣ የሚፈልገውን ብቻ አግኝቶ የሚጣበቅ፣ የተጣበቀበትን ቦታ ደግሞ ፔት በሚባለው፣ ጨረር የሚወጣበትን ቦታ በሚያሳይ ካሜራ የሚናገር። ካርቦን 11 በ20 ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ስለሚያልቅ፣ ካርቦኑን የሚሠራው ሳይክሎትሮን እዚያው ግቢ ውስጥ ካልሆነ አይጠቅምም። ቀጥሎ የመጡት በፍሎሪን 18 የተሠሩ ናቸው፤ እሱ 110 ደቂቃ ይሰጣል። የአሜሪካው መድኃኒት ፈቃድ ሰጪ ኤፍዲኤ በ2012 ፍሎርቤታፒርን ለአሚሎይድ፣ በ2020 ፍሎርታውሲፒርን ለታው ፈቀደ።

ታዲያ ይኸው ፔት ዓይንን ለምን አያይም? ፔት ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር አራት አምስት ሚሊሜትር ነው። የሬቲና ውፍረት ግን መላው ከሲሶ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በጣሳ ወርቅ እንደመመዘን ነው። ስለዚህ ለዓይን የሚሆነው ፕሮብ በጨረር ፈንታ በብርሃን የሚናገር መሆን አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርብ ላሳይሽ፤ የእርዱ ወሬ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ታዮፍላቪን ቲ በውኃ ተበጥብጦ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት ምንም አይልም፣ ደብዘዝ ያለ ነው። ሞለኪውሉ መሐሉ ላይ እንደ ማጠፊያ ያለ ነገር አለው፤ ብርሃኑን ሲውጥ ይሽከረከርና ኃይሉን በሽክርክሪት ይጨርሰዋል። አሚሎይድ ክሮች ሲጨመሩበት ግን ብልቃጡ ወዲያው አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። የአሚሎይድ ክር ርዝመቱን ሁሉ ተከትሎ እንደ ጎድጓዳ መስመር ያለ ቦታ አለው፤ ሞለኪውሉ እዚያ ይሸጎጥና መሽከርከር ያቅተዋል፤ የዋጠውን ብርሃን መልሶ ከመትፋት በቀር ምርጫ የለውም። መጀመሪያ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከጎኔ የነበረው ልጅ «ክብሪት ጫረሽበት እንዴ?» አለኝ።

እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚንም እንዲሁ ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ሞለኪውል ነው፤ አሚሎይድ ላይ ይጣበቃል፣ ሲጣበቅም ብርሃኑ ይጨምራል። የሚበላ ነገር ስለሆነ ሰው ላይ ለመሞከር ከአዲስ ኬሚካል ይቀላል። ሎስ አንጀለስ፣ ሲዳርስ ሳይናይ ያለው የማያ ኮሮንዮ ሐማዊ ቡድን በ2011 ይህን በአይጦች ሬቲና አሳየ፣ በአልዛይመር ከሞቱ ሰዎች ዓይን ላይም አሚሎይድ እንዳገኘ አስታወቀ። በ2017 ደግሞ ወደ ሕያዋን አለፉ፦ 16 ሰዎች፣ ሰውነት በደንብ እንዲመጠው ሆኖ የተዘጋጀ ኩርኩሚን ወስደው ሬቲናቸው ፎቶ ተነሣ። ታካሚዎቹ ላይ የሚያበራው ነጥብ ከጤነኞቹ በአማካይ እጥፍ ያህል ሆነ። አንቺ ያነበብሽው ይህ ነው።

16 ሰው መሆኑን ያዢልኝ።

ችግሩ ሌሎች ሲሞክሩት የመጣ ነው። በ2014 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በአልዛይመርና በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን ዓይን መርምረው እንደ አንጎሉ ያለ ዝቃጭ አላገኘንም አሉ። በ2018 አምስተርዳም ያሉት ታውን በሬቲና ውስጥ አገኙ፣ ፕላክ የሚባለውን የተለመደ የአሚሎይድ ዝቃጭ ግን አላገኙም። እነሱው በ2022 አሚሎይድ እንዳላቸው በምርመራ የተረጋገጠ ታካሚዎችን ኩርኩሚን አውጠው ዓይናቸውን ፎቶ አነሡ፤ ከጤነኞቹ የተለየ ነገር አልታየም። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። አንዱ ምክንያት አቆራረጥ ነው ብዬ አምናለሁ፦ የሎስ አንጀለሶቹ ሬቲናውን እንደ እንጀራ ዘርግተው ሙሉውን ያያሉ፣ ሌሎቹ ቀጭን ቀጭን አድርገው በጎን ይቆርጣሉ። ዝቃጩ ጥቂትና የተበታተነ ከሆነ፣ በጎን የተቆረጠው ቁራጭ ሊስተው ይችላል። እንጀራን ከጫፉ በቢላ ብትቆርጪው ስንት ዓይን ታገኛለሽ?

ሁለተኛው ችግር ለኔ ከዚህም ይበልጣል። ኩርኩሚን የሚነቃው በሰማያዊ ብርሃን ነው። የ71 ዓመት ሰው የዓይን ሌንስ ቢጫ እየሆነ ሄዷል፤ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጠዋል፣ ራሱም ሲበራበት ይፈካል። ሬቲና ሥር ደግሞ ከዕድሜ ጋር የሚከማች ሊፖፈሲን የሚባል ነገር አለ፤ ያለ ምንም ኩርኩሚን በራሱ ያበራል። ድሩዘን የሚባሉ ቢጫ ነጥቦችም ብዙ አረጋውያን ላይ አሉ። እንግዲህ ፎቶው ላይ አንድ የሚያበራ ነጥብ ሳይ፣ የቱ ነው ብዬ ልናገር? ነጥቡ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ብዙው ከ20 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) በታች ነው፣ የፀጉር ወርድ ግን 70 ያህል። የተለመደው ካሜራ በዓይን ሌንስ አልፎ ያን ያህል ደቃቅ ነገር ለይቶ ለማየት ይቸገራል። ከሥነ ፈለክ የተወሰደ፣ የዓይኑን ጉድለት በሚለዋወጥ መስታወት የሚያርም ቴክኖሎጂ አለ፤ ሁለት ማይክሮን ድረስ ያሳያል፣ ግን የሚገኘው ምርምር ቤት ነው። በዚያ ላይ አሚሎይዱ ተገኘ የተባለው በብዛት ከሬቲና ዳር፣ ከላይ በጆሮ ግንድ በኩል ሲሆን የክሊኒክ ካሜራ የሚያነሣው መሐሉን ነው።

ለዚህ ነው አሁን ሰዎች ፕሮቡን ራሱን መቀየር ላይ ያሉት። ቦስተን ውስጥ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ያለው የቾንግጃኦ ራን ላብራቶሪ ከኩርኩሚን ተነሥቶ ክራናድ የተባሉ ሞለኪውሎችን ሠርቷል፤ እነዚህ የሚያበሩት ለዓይናችን በማይታየው በቅርብ ኢንፍራሬድ ነው። ያ ብርሃን በቢጫ ሌንስ ያለ ችግር ያልፋል፣ ሊፖፈሲንም ብዙ አይረብሸውም፣ ታካሚውንም አያጥበረብርም። እኔ ገንዘቤን የማስቀምጠው እዚህ ላይ ነው። ግን ሰው ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ፕሮብ በሕግ ፊት መድኃኒት ነው፤ እንደ መድኃኒት ሁሉ ደኅንነቱ በደረጃ መፈተሽ አለበት። ፍሎረሲን የሚባለውን የሚያበራ ቀለም በዓይን ምርመራ የጀመሩት በኢንዲያና ሁለት የሕክምና ተማሪዎች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ወግቶ ፎቶ አንሥቶ በ1961 አሳተሙት። ዛሬ እንዲያ የሚሞከር ነገር የለም፤ ይሻላልም።

ክሊኒኩ የሚያስተዋውቀው ግን ፕሮብ እንኳ የለውም፣ ተራ ፎቶ ነው። ይህም መሠረት አለው። በ1986 ሂንተን፣ ሳዱንና ባልደረቦቻቸው በአልዛይመር የሞቱ 10 ሰዎችን የዓይን ነርቭ መርምረው ስምንቱ ላይ የነርቭ ቃጫ ተመናምኖ አገኙ። ኦሲቲ የምንለው፣ ሬቲናን በማይክሮን ደረጃ ንብርብሯን የሚያሳየው ማሽን በ1991 ከመጣ በኋላ ይኸው መሳሳት በሕያዋን ላይ ተለካ። የደም ሥሮችም ሳስተው ታይተዋል። በ2019 ደግሞ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ያሉ ተመራማሪዎች ብርሃኑን በብዙ ቀለም ከፋፍለው ሬቲና እያንዳንዱን እንዴት እንደምትመልስ በመለካት አሚሎይድ ያለባቸውንና የሌለባቸውን ለመለየት ሞከሩ፤ ያለ መርፌ፣ ያለ እርድ። ይህ የብዙ ቀለም ዘዴ ደስ ይለኛል።

ግን የነርቭ ቃጫ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታም ላይ ይሳሳል። ስኳርና ደም ግፊት የሬቲናን ደም ሥር ያበላሻሉ። ቅርብ ብቻ የሚያይ ዓይን ሬቲናው ከመጀመሪያውም ስስ ነው። በቡድን ሲነጻጸር ልዩነት ይታያል፤ አንድ ሰው ፊትሽ ሲቀመጥ ግን ምን ማለት እንደሆነ አይታወቅም። ሒሳቡን እንሥራው። መሣሪያው ከ100 ታማሚ 80ውን ይይዛል፣ ከ100 ጤነኛም 80ውን በትክክል ያሰናብታል እንበል፤ ቁጥሩን ለምሳሌ ነው የወሰድኩት። ከአንድ ሺህ አረጋውያን 50ዎቹ በሽታው ቢኖርባቸው፣ 40ውን ያገኛል። ከቀሪዎቹ 950 ጤነኞች ግን 190ውን «አለብህ» ይላቸዋል። «አለብዎት» ከተባሉት 230 ሰዎች እውነተኛው 40 ነው፤ ከስድስት አንድ ያህል ነው። የቀሩት አምስቱ ቤታቸው ገብተው እንቅልፍ ያጣሉ። ክሊኒኩን አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፦ «ኤፍዲኤ የፈቀደላችሁ ለየትኛው በሽታ ነው?» ሬቲናን በኤአይ ማንበብ ከ2018 ጀምሮ ስኳር በሬቲና ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለማግኘት ተፈቅዷል። ያንን ፈቃድ ለአልዛይመር አስመስሎ ማሳየት ቀላል ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ውድድሩን ለጊዜው ደም ቀድሞታል። ኤፍዲኤ በግንቦት 2025 ከደም ፒታው217 የሚባለውን የታው ዓይነትና አሚሎይድን አነጻጽሮ የሚለካ ምርመራ ፈቅዷል፤ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ምልክት ለታየባቸው ሰዎች። እናትሽ ሁለቱንም ያሟላሉ። ጊዜው ለምን እንደሚያስቸኩል ልንገርሽ፦ በ2023 ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካነማብና በ2024 የተፈቀደው ዶናነማብ የሚባሉት የአልዛይመር መድኃኒቶች የሚሰጡት በመጀመሪያው ደረጃ ላሉ ብቻ ነው። ሌካነማብ በ18 ወር ውስጥ የማሽቆልቆሉን ፍጥነት በ27 በመቶ ቀንሷል፤ አያድንም፣ አንጎል ውስጥ የማበጥና የመድማት አደጋም አለው። የሚያስፈልግ መሆን አለመሆኑን ከነርቭ ሐኪም ጋር ትነጋገሩበታላችሁ፤ ቀኑ ካለፈ ግን ንግግሩም የለም።

ይህ ማለት የሬቲና ምርምር ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ፔት ሳይክሎትሮን ይፈልጋል፤ የሬቲና ካሜራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ በላፕቶፕ ይሠራል። ጅማ ወይም ደሴ ላሉ የሰው እናቶች የሚደርሰው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው፤ እኔንም በዚህ ሥራ ያቆየኝ እሱ ነው።

አሁን የናትሽን ነገር።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው ያልኩት ለሞራ ነው። በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ፣ ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ነገሮች አንዱ ያልታከመ የዕይታ ችግር ነው ብሏል። በ2022 ሲያትል አካባቢ ከ3,000 በላይ አረጋውያንን የተከታተለ ጥናት ሞራቸውን ያስወገዱት ላይ የመርሳት በሽታ ወደ 30 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከለከለ ለማለት አይበቃም። ግን የማያይ ሰው አያነብም፣ ሰው አይለይም፣ ከቤት አይወጣም፤ የምድጃውንም እሳት በደንብ አያይም። ይህን የዓይን ምርመራ ደግሞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ይከፍለዋል።

ከዚያ መደበኛ ሐኪማቸው የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ደም ምርመራ ይዘዝላቸው። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾሙ ከሆነ፣ በተለይ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ፣ ቢ12 ሊያንስ ይችላል፤ እሱ ብቻውን ያስረሳል፣ ሲተካ ደግሞ ሊመለስ ይችላል። ማታ ማታ እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ምን እንደሚውጡም እይ፤ ቤናድሪልና ታይለኖል ፒኤም ውስጥ ያለው መድኃኒት አረጋውያንን ያደናግራል። ድብርትም አትርሺ፤ አገራቸውን ለቀው ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን የሚውሉ እናት ናቸው።

እርዱን በሚመለከት፦ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ሦስት ግራም ያህል ነው፤ ከዚያ ውስጥ ኩርኩሚኑ ከመቶ ሦስት እጅ አካባቢ ነው፣ አብዛኛውንም ሰውነት አይመጠውም። ወጡን ቢጫ ያደርጋል እንጂ ዓይን ውስጥ የሚያበራ ነገር አይተውም። አልዛይመር ያለባቸው ሰዎች በብዛት ወስደውት አእምሯቸው እንዳልተሻለ በ2012 የታተመ ሙከራ አሳይቷል። ክኒኑ ጉበት የጎዳቸው ሰዎች አሉ፤ ደም ማቅጠኛ ከሚወስዱም ጋር አይስማማም።

የመጨረሻው፣ ቀጠሮው ዕለት። የማስታወስ ፈተና በእንግሊዝኛ አያስፈትኗቸው፤ ሆስፒታሉ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ቀጠሮ ስትይዢ «አማርኛ» ብለሽ አስመዝግቢ። አስተርጓሚ ሆነሽ አንቺ አትግቢ፤ ልጅ ሳታውቀው ፍንጭ ትሰጣለች። ግን አስተርጓሚም ቢኖር የሚያመልጥ ነገር አለ። አንዲት እናት ነበሩ፤ ነርሷ ቀኑን ስትጠይቃቸው ያለ ማመንታት «ሚያዝያ 21፣ 2016፣ የሕማማት ሰኞ ነው፣ ማርያምም ናት» አሉ። ወረቀቱ ላይ መልሱ ኤፕሪል 29፣ 2024 ነበር። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፦ ሦስቱም ስህተት ተብሎ ተሞላ፤ የኔ ቢጤ ሰው በአጋጣሚ ባያየው ኖሮ ቁጥሩ እንደዚያው ፋይላቸው ውስጥ ይገባ ነበር። ሰዓት በሚያስሥሉበት የፈተናው ክፍል ላይም እንዲሁ ነው፤ «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» ይሣሉ ሲባሉ እናትሽ የማታውን አስበው አጭሩን ዘንግ 5 ላይ ያደርጉታል። ልክ ናቸው። ስለዚህ ከመግባታቸው በፊት ወረቀት ላይ «በኢትዮጵያ ዘመንና ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚመልሱት» ብለሽ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ለነርሷ በእጇ ስጫት።